የኮልፌ ሸክላዎችና የጠፉ ስሞች

ከአጠና ተራ አንሥቶ እስከ አየር ጤና፣ ከዚያም አልፎ እስከ ቤቴል ድረስ በተዘረጋው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ባለፈ ሰዎች ቤት ጎራ ብሎ «የጥንት የሙዚቃ ሸክላ ይኖር ይሆን?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሁልጊዜ ባዶ እጁን አይመለስም። ሸክላው የሚገኘው ከአልጋ ሥር በካርቶን ውስጥ፣ ወይም ከቁም ሣጥን በላይ በአሮጌ አንሶላ ተጠቅልሎ ነው። ማጫወቻው ከተበላሸ ሠላሳ ወይም አርባ ዓመት ሆኖታል፤ መርፌውም ከጠፋ እንደዚያው። ስለዚህ ሸክላው በቤቱ ውስጥ የሚኖረው እንደ ቆመ ሰዓት ነው፤ አይጣልም፣ አይሠራምም።

ይህንኑ ዕቃ ግን በፓሪስ፣ በለንደን፣ በቶኪዮና በኒው ዮርክ የሚኖሩ የሙዚቃ ወዳጆች እንደ ብርቅ ይፈልጉታል። እነርሱ ዘንድ የእኛ የድሮ ሙዚቃ የሚቀመጠው ከአሜሪካ ጥቁሮች የሶል ሙዚቃ አጠገብ በአንድ መደርደሪያ ላይ ነው። በኢንተርኔትም ላይ ስለ እነዚህ ሸክላዎች የተጻፉ መዝገቦች አሉ፤ የሸክላው ቁጥር፣ የታተመበት አገር፣ የወጣበት ዓመት፣ ፎቶግራፉና የተሸጠበት ዋጋ ሳይቀር ተዘርዝሮ ይገኛል። አንድ የኮልፌ ወጣት በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሳለ አያቱ በወጣትነታቸው የገዙትን ሸክላ በስልኩ ሊያገኘው ይችላል።

እኔ ዛሬ ልናገር የፈለግሁት ስለዚህ መዝገብ ነው። መዝገቡን የያዙልን ባዕዳን ናቸው፤ ለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ከመዝገቡ ውስጥ አንድ ዓምድ ጎድሏል፤ እርሱም የሰዎቻችን ስም ነው። ሳክስፎኑን ማን ነፋው? ከበሮውን ማን መታው? ግጥሙ የማን ነው? ዜማውስ? ይህን ዓምድ ሊሞሉ የሚችሉት ሰዎች የሚኖሩት በኮልፌ፣ በጉለሌ፣ በቂርቆስና በልደታ ነው፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል። ጥላሁን ገሠሠ በ2009፣ ጌታቸው መኩሪያ በ2016፣ አምኃ እሸቴና ዓለማየሁ እሸቴ በዚያው በ2021፣ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ2023 ዐርፈዋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑን የምቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ መዝገቦቹ ሁሉ የሚቆጥሩት በዚያ ስለ ሆነ ሊያመሳክር የፈለገ አንባቢ እንዳይቸገር ነው።)

ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያዊ ሸክላዎች መካከል የሆኑት የተቀረጹት በአገራችን ሳይሆን በጀርመን ነው፤ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደዚያ በሄዱ ጊዜ ዘፈናቸውን አስቀርጸዋል። የዚያን ጊዜው ሸክላ ከእጅ ቢወድቅ እንደ ገል የሚሰባበር ስለ ነበር ስሙ ከጠባዩ ጋር ይስማማል። በኋላ የመጣው ከፕላስቲክ ዐይነት የሚሠራ፣ ቢወድቅ በቀላሉ የማይሰበር፣ ነገር ግን በሙቀት ከተጣመመ የማይቃና ነው። ስሙ ብቻ አልተለወጠም።

በ1948 በወጣ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። የ1960ዎቹ ወጣት ግን በየምሽት ክበቡ የሚሰማውን አዲሱን ሙዚቃ በሸክላ የሚያወጣለት አላገኘም። በ1969 አምኃ እሸቴ የተባሉ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበሩ የሸክላ ነጋዴ፣ ትእዛዙን እያወቁ «አምኃ ሪከርድስ»ን አቋቋሙ። የመጀመሪያው ሸክላቸው የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ማተሚያ በአገር ውስጥ ስላልነበረ የተቀረጸው ድምፅ ወደ ሕንድ ተልኮ ታትሞ ተመለሰ፤ በኋላም በሊባኖስና በግሪክ አገር ይታተም ነበር። እስከ 1975 ድረስ ከአንድ መቶ በላይ ነጠላ ሸክላና ወደ ዐሥራ ሁለት የሚጠጋ ረዥም ሸክላ አወጡ። እርሳቸው በሩን ከከፈቱት በኋላ የፊሊፕስ ኩባንያ ገባ፤ ከዚያም ዓሊ ታንጎ እየተባሉ የሚታወቁት ዓሊ አብደላ ካይፋ «ካይፋ» የሚለውን ምልክት ይዘው ተነሡ።

ሶል የተባለው የአሜሪካኖች ሙዚቃ ከእኛ ጋር በምን ተገናኘ የሚል አንባቢ ቢኖር፣ መንገዱ የታወቀ ነው። በአሥመራ ቃኘው ጣቢያ የነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር የራሱ ሬዲዮ ነበረው፤ ወታደሮቹም ሆኑ የሰላም ጓድ መምህራን ሸክላቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። የጀምስ ብራውንና የሞታውን ኩባንያ ዘፈኖች በዚህ መንገድ ወደ እኛ ወጣቶች ጆሮ ደረሱ። ከዘመኑ ባንዶች አንዱ ስሙን «ሶል ኤኮስ» ብሎ ነበር፤ ዓለማየሁ እሸቴም በመድረክ አኳኋናቸው «የኢትዮጵያ ጀምስ ብራውን» ተብለዋል። ይሁን እንጂ በክብር ዘበኛ፣ በምድር ጦርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ የተካኑት ነፊዎች የአሜሪካኑን ሙዚቃ እንዳለ አልገለበጡትም። በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝት አስገብተው የራሳቸው አደረጉት። ዛሬ ፈረንጅ ሰብሳቢ እነዚህን ሸክላዎች የሚፈልገው ሌላ ቦታ የማያገኘው ነገር ስላለባቸው ነው፤ በሞታውን ግልባጭማ የራሱ መደርደሪያ ሞልቷል።

ከዚያ 1974 መጣ። የሰዓት እላፊው ገደብ የምሽት ክበቦቹን ሕይወት አደረቀው፤ አቶ አምኃ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ካሴትም ሸክላን ተካ። በ1978 ግድም ዘመኑ አበቃ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እንደ ቆጠሩት በእነዚያ ዐሥር ዓመታት ውስጥ የወጣው ወደ አምስት መቶ የሚጠጋ ነጠላ ሸክላና ሠላሳ ያህል ረዥም ሸክላ ነው። ይህን ቁጥር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ፋልሴቶ የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ የመጡት በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። በ1986 «እረ መላ መላ» በቤልጂግ አገር እንደ ገና ታተመ፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ሥራ በፓሪስ እየወጣ ሠላሳ ጥራዝ ደረሰ። ከእነዚህ አራተኛው የሙላቱ አስታጥቄ ነው፤ በ2005 የአሜሪካዊው የጂም ጃርሙሽ ፊልም ያንን ሙዚቃ ለዓለም አሰማው። ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ የተነገረ ስለ ሆነ አላረዝመውም።

እንግዲህ ወደ መዝገቡ ልመለስ። ከሁሉ የሚበልጠው «ዲስኮግስ» የሚባለው ሲሆን፣ በ2000 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት አንድ ወጣት የኮምፒዩተር ባለሙያ ያቋቋመው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሸክላ በእጁ ያለው ሰው፣ የየትም አገር ሰው ቢሆን፣ በመሀሉ ከተለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ ያለውን ጽሑፍ እንዳለ ይገለብጣል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ሙዚቃው ካለቀበት መሥመር እስከ ክቡ ወረቀት ባለው ባዶ ቦታ ላይ የተጫረውን ጥቃቅን ቁጥር ጭምር ይጽፋል። ይህ ቁጥር የማተሚያ ቤቱ ምልክት ስለ ሆነ አንዱን እትም ከሌላው ይለያል። ቀጥሎ የመጣ ሰው ስሕተቱን ያርማል። በዚህ ዐይነት እኛ የረሳነው የ«ኤ ኢ» እና የ«ኬ ኤፍ» ቁጥር፣ ማለት የአምኃና የካይፋ ሸክላዎች መለያ፣ በሩቅ አገር ሰዎች እጅ ተራ በተራ ተሰልፏል።

ጉድለቱ የሚጀምረው ስም ላይ ሲደረስ ነው። በመጀመሪያ የፊደል ነገር አለ። የብዙነሽ በቀለን ስም አንዱ በእንግሊዝ አጻጻፍ፣ ሁለተኛው ፋልሴቶ ባስለመዱት ምልክት በበዛበት በፈረንሳይ አጻጻፍ፣ ሦስተኛው ደግሞ ለጆሮው እንደ መሰለው ይጽፈዋል። አንዲት ሴት በሦስት ስም ሦስት ሰው ሆነች ማለት ነው። በግእዝ ፊደል ቢጻፍ ኖሮ አንድ ብቻ ነው፤ ፈላጊውም አይሳሳትም። ቀጥሎ የአባት ስም አለ። ፈረንጅ የአባትን ስም እንደ ቤተ ዘመድ መጠሪያ ስለሚቆጥረው አምኃ እሸቴን፣ ዓለማየሁ እሸቴንና ተሰማ እሸቴን እንደ አንድ ቤተሰብ ሊያያቸው ምንም አይቀረው። ብዙነሽ በቀለንና ሒሩት በቀለንም እኅትማማች አድርጎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ከእኛ ወገን ግን ይህን ለማረም አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

የዘመን አቆጣጠሩም ሌላ ጣጣ ነው። አንድ አዛውንት «ይህ ሸክላ የወጣው በስድሳ ሁለት ነው» ቢሉ ፈረንጁ 1962 ብሎ ይጽፋል፤ አዛውንቱ ያሉት ግን በእርሱ አቆጣጠር ከ1969 መስከረም እስከ 1970 መስከረም ያለውን ጊዜ ነው። በሁለቱ መካከል አምኃ ሪከርድስ ያልነበረበት ሙሉ ሰባት ዓመት አለ።

ከሁሉ የከፋው ግን ፊደልም ሆነ ዘመን ሊያቃናው የማይችለው ጉድለት ነው፤ የአጃቢዎቹ ስም ከመነሻው በክቡ ወረቀት ላይ አልተጻፈም። ዘፋኙ አለ፣ የዘፈኑ ርእስ አለ፣ አንዳንድ ጊዜ የባንዱ ስም አለ። ጡሩምባ ነፊው፣ ጊታር መቺው፣ ኦርጋን ተጫዋቹ የለም። ብዙዎቹ የጦርና የፖሊስ ኦርኬስትራ ባልደረቦች ስለ ነበሩ ቀን በመለዮ፣ ማታ በክበብ ይሠሩ ነበር፤ ስማቸውን ያስጻፉ ጥቂቶች ናቸው። መዝገቡ ያልተጻፈውን ሊገለብጥ አይችልም።

ባለፉት ጥቂት ወራት ይህንኑ ነገር ለመሞከር ብዬ በምኖርበት በኮልፌ አንዳንድ ቤቶችን ጠይቄአለሁ። ከእነዚህ አንዱ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ቤት ነው። ስድሳ ያህል ሸክላ አላቸው፤ አብዛኛው ከነ ልብሱ ነው። እኔ በስልኬ መዝገቡን እያየሁ ቁጥሩን ሳነብ እርሳቸው ሸክላውን በሁለት እጃቸው መዳፍ ጠርዝና ጠርዙን ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘነብሉት ነበር።

«አባባ፣ እዚህኛው ላይ ሳክስፎኑን የነፋው ማን እንደ ሆነ ያስታውሳሉ?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ እንዴት አላስታውስ! ቅዳሜ ቅዳሜ ከአሰብ ስመለስ ቆሜ አየው ነበር። ቀጭን ነው፤ ሲነፋ ዐይኑን ይጨፍናል። እናንተ ዛሬ በስልክ በነጻ ትሰሙታላችሁ፤ እኔ ይችን ሸክላ የገዛሁት የመንገድ አበሌን ቆጥቤ ነው።»

ስሙን ነገሩኝ፤ ጻፍሁት። ነገር ግን ከአንድ ሳምንት በኋላ በአየር ጤና በኩል የሚኖሩ፣ በወጣትነታቸው በምሽት ክበብ አስተናጋጅነት የሠሩ አንዲት እናት ስለዚያው ሸክላ ሌላ ስም ሰጡኝ። ማን ልክ ነው? እኔ ልፈርድ አልችልም፤ ሁለቱንም ስም፣ የተናገሩበትን ቀንና ነገሩን እንዴት እንዳወቁት ጻፍሁ። ሦስተኛ ምስክር ሲገኝ ይለያል። በዩኒቨርሲቲ ያስተማሩን የታሪክ አጻጻፍ ይኸው ነበር፤ በክፍል ውስጥ ግን እንደዚህ አልጣፈጠኝም።

የእኚህ አዛውንት ሸክላዎች ገዢ መጥቶላቸው ነበር። ደላላው ሳጥኑን እንዳለ በአንድ ዋጋ ልውሰድ ብሎ አስቸገራቸው፤ ልጃቸውም የመድኃኒቱን ወጪ እያሰበች «ምን ያደርግልናል? ይሸጥ» ትላለች። ቅርስ ሸጠ ብሎ እንዲህ ያለውን ሰው የሚወቅስ ጸሐፊ አልፎ አልፎ አነባለሁ፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ሸክላው የገዙት የእርሳቸው ነው፤ ዐይናቸው እያየ ሊጠቀሙበት መብታቸው ነው። የሚያሳዝነው ዋጋውን ሳያውቁ መሸጣቸው ነው። መዝገቡ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ያ ሸክላ ከዚህ ቀደም በትንሹ በስንት፣ በትልቁ በስንት እንደ ተሸጠ ያሳያልና። ልጃቸው ያንን ቁጥር በስልኳ ካየች በኋላ ደላላው የተናገረው ዋጋ ለአንዲት ሸክላ እንኳ ሊበቃ እንደማይችል ተረዳች። ለማንኛውም ግን ሸክላው ከቤት ከመውጣቱ በፊት የሁለቱ ገጽ ፎቶግራፍና የአባቷ ትዝታ በወረቀት ላይ መቅረት አለበት። ሸክላ ቶኪዮ ቢሄድ ይጫወታል፤ ትዝታው ግን አብሮ አይሸጥም።

ስም የመጻፍ ነገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከፈለግን የኃይሉ መርጊያን ታሪክ እንይ። አቶ ኃይሉ የዋልያስ ባንድ የኦርጋን ተጫዋች ነበሩ። ባንዱ በ1981 ለሙዚቃ ዝግጅት ወደ አሜሪካ ሲሄድ አብረው ሄደው በዋሽንግተን ቀሩ፤ በ1985 ብቻቸውን በአኮርዲዮንና በኤሌክትሪክ ፒያኖ አንድ ካሴት ቀረጹ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የታክሲ ሾፌር ሆነው ኖሩ። ያንን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ በባሕር ዳር ከተማ አገኘው። ስማቸው በካሴቱ ላይ ተጽፎ ስለ ነበር በኢንተርኔት ፈለጋቸው፤ አገኛቸውም። በ2013 ካሴቱ በዓለም ገበያ እንደ ገና ወጣ፤ አቶ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018ም አዲስ ሥራ አወጡ። በ1977 ከዋልያስ ጋር የሠሩት «ጨ በለው» የተባለው ረዥም ሸክላም ታድሶ ታትሟል። ካሴቱ ስም ባይኖርበት ኖሮስ? ሰብሳቢው ሙዚቃውን ወድዶ፣ ባለቤቱን ሳያውቅ በቀረ ነበር። እንዲህ ሆነው የቀሩ ስንት የእኛ ተጫዋቾች እንዳሉ አስቡት።

የአቀናባሪውና የፒያኖ ተጫዋቹ የግርማ በየነ ዕድልም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። እርሳቸውም በዚያው በ1981 ጉዞ ሄደው ለረዥም ጊዜ ከሙዚቃ ርቀው ቆዩ፤ በ2017 የወጣው የኢትዮፒክስ ሠላሳኛ ጥራዝ ግን በእርሳቸው ስም ነው።

በሌላውም አገር እንዲሁ ሆኗል። በ1970ዎቹ በሰሜን እንግሊዝ የፋብሪካ ከተሞች የነበሩ ወጣቶች አሜሪካኖች ራሳቸው የረሷቸውን የሶል ሸክላዎች እየፈለጉ ሌሊቱን ሙሉ ይጨፍሩ ነበር። ዊጋን በተባለችው ከተማ የነበረው የጭፈራ ቤት ከ1973 እስከ 1981 ድረስ በዚህ ሥራ ታውቋል። ሞታውን በ1965 አሳትሞ ሳይሸጠው የቀረ አንድ የፍራንክ ዊልሰን ሸክላ በ2009 ከሃያ አምስት ሺህ ፓውንድ በላይ ተሸጧል፤ በዓለም ላይ የተረፈው ቅጂ በጣት የሚቆጠር ነው። ዋጋው ያስገርማል፤ እኔን የሚያስቀናኝ ግን ሌላ ነው። እነዚያ ሰብሳቢዎች እያንዳንዱን ሸክላ ሲመዘግቡ፣ በዲትሮይትና በቺካጎ በተራ ሥራ ላይ የነበሩ ዘፋኞችን እየፈለጉ አግኝተዋቸዋል። ቋንቋው አንድ ስለ ሆነ ተሳካላቸው። የእኛን ግን አማርኛ የማያነብ ሰው ሊፈጽመው አይችልም።

አንዳንድ የዕድሜ ጓደኞቼ «ዘፈኑ ሁሉ ዩቲዩብ ላይ አለ፤ ምን ያስደክምሃል?» ይሉኛል። አለ፤ እኔም እሰማዋለሁ። ነገር ግን ብዙው ከካሴት የተገለበጠ ነው፤ ካሴቱም ከሸክላ የተገለበጠ ነበር፤ በየመካከሉ ፍጥነቱ ስለሚለያይ የዘፋኙ ድምፅ ይቀጥናል ወይም ይወፍራል። ርእሱ የተሳሳተ፣ ፎቶግራፉ የሌላ ሰው የሆነ ብዙ አይቻለሁ። ያስገባው ሰው አንድ ቀን ገጹን ቢዘጋ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠፋል።

የሕግም ነገር አለ። በእኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የግጥምና የዜማ ደራሲን መብት ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ ሸክላው አሮጌ ስለ ሆነ ብቻ ዘፈኑን እያባዙ መበተን አይቻልም፤ የደራሲው ልጆች ምናልባት እዚሁ ጎረቤታችን ናቸው። ስም መጻፍ ግን የማንንም መብት አይነካም። እንዲያውም መብቱ ለማን እንደሚገባ የሚታወቀው ስሙ ሲጻፍ ነው። ግጥሙ የማን እንደ ሆነ ካልታወቀ ከሽያጩ የሚደርሰው ገንዘብ ለማን ይከፈላል?

አሁን አምስት መቶ ወዳልሁት ቁጥር ልመለስ። አምስት መቶ ነጠላ ሸክላ ማለት አንድ ሺህ ገጽ፣ አንድ ሺህ ዘፈን ማለት ነው። የሞታውን ኩባንያ ሰብሳቢ ይህን ቢሰማ በሥራው ማነስ ይስቃል። በአንድ ትምህርት ቤት ያሉ ሃያ ተማሪዎች ሃያ አምስት ሃያ አምስት ሸክላ ቢደርሳቸው ሁሉም ተከፋፈለ ማለት ነው፤ በአንድ ክረምት ይጀመራል። የሚያስፈልገው ስልክ፣ ደብተርና ትሕትና ነው። ይህንን ሥራ የየወረዳው የወጣቶች ማዕከልና የየትምህርት ቤቱ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ቢይዙት እወድ ነበር፤ እነርሱ እስኪነሡ መጠበቅ ግን አያስፈልግም።

በኮልፌ ልጅነቴ ብዙ ነገር ሰማሁ፤ ኔልሰን ማንዴላ በ1962 እዚሁ ሰፈራችን ከፖሊስ ፈጥኖ ደራሽ ጦር ጋር ወታደራዊ ትምህርት መማራቸውን ያወቅሁት ግን እርሳቸው ራሳቸው ከጻፉት መጽሐፍ ነው። በደጃችን የሆነውን ከሩቅ አገር መጽሐፍ አነበብን ማለት ነው። በሸክላውም ነገር ይኸው እንዲደገም አልወድም።

ሊሠራ የተነሣ ቢኖር እኔ የምከተለውን ልንገረው። የሁለቱን ገጽ ክብ ወረቀት በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ከላይ ቀጥ አድርጎ ማንሣት፤ ልብሱንም እንደዚያው፤ የሱቅ ማኅተም ካለበት ያንን ለብቻ። የተጻፈውን አማርኛ ፊደሉን ሳያርሙ እንዳለ መገልበጥ፤ «ሠ» ያለውን «ሰ» አለማድረግ፤ እርማቱን ከጎኑ መጻፍ። ባዶው ቦታ ላይ የተጫረውን ቁጥር በጎን ብርሃን ማንበብ። ከዚያ ባለቤቱን መጠየቅ፤ መቼና የት ገዙት፣ ባንዱን በዐይናቸው አይተውታልን፣ ማን ይጫወት ነበር፣ እንዴት አወቁ። ዓመተ ምሕረቱን በየትኛው አቆጣጠር እንደ ተናገሩ መጻፍ። የባለቤቱን ስም ያለ ፈቃዳቸው ወደ ኢንተርኔት አለማስገባት፤ ሌባም መዝገብ ያነባልና።

ሸክላውን ለማጽዳት ደግሞ ነጭ ጋዝ የሚጠቀሙ አሉ፤ ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ለፕላስቲኩ ሸክላ ንጹሕ ውኃና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል፤ ክቡ ወረቀት እንዳይርስ መጠንቀቅ ነው። በጥንቱ ተሰባሪ ሸክላ ላይ አልኮል ቢነካ ገጹን ያሟሟዋል። ሲቀመጥም እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ነው፤ ተነባብሮ የተኛ ሸክላ በራሱ ክብደት ይጎዳል። የቆርቆሮ ጣሪያ በበጋ የሚያወርደውን ሙቀት የምናውቅ ሰዎች ከቁም ሣጥኑ በላይ ያለውን ሳጥን ዛሬውኑ ወደ ታች ማውረድ አለብን።

ደብተሩ ሲሞላ ሁለት ቅጂ ይደረግ። አንዱ በአራት ኪሎ ወይም በስድስት ኪሎ ላሉት የመዛግብትና የጥናት ቤቶች ይሰጥ፤ ሁለተኛው እዚሁ ይቅር። ከዚያ በኋላ በዲስኮግስ ባለው ገጽ ላይ የጎደለውን ስም፣ ምንጩን ጠቅሶ፣ በግእዝ ፊደልም በላቲንም ማስገባት ነው። እኔ እስካሁን የጨረስሁት ሠላሳ አንድ ሸክላ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ በዐሥራ ዘጠኙ ላይ ቢያንስ አንድ የአጃቢ ስም ተገኝቷል፤ ሰባቱ ስሞች ሁለተኛ ምስክር ይቀራቸዋል። በአጠና ተራ፣ በእፎይታ ወይም በአየር ጤና የክብር ዘበኛን ወይም የፖሊስን ኦርኬስትራ ባልደረቦች በቅርብ የሚያውቅ አንባቢ ካለ በዚህ ጋዜጣ አድራሻ ቢጽፍልኝ ደብተሬን ይዤ እመጣለሁ።